ዘር መጠየቅ የሚፈቀድበት ቦታ

«ዘርሽ ምንድን ነው?» ተብላ መጠየቅ የማትወድ አንዲት ልጅ አውቃለሁ። እኔ ነኝ። ፒያሳ ያደገ ሰው ለዚህ ጥያቄ ያለው መልስ አንድ ነው፤ «ዶሮ ማነቂያ» ይላል፣ ይስቃል፣ ያልፋል። ዛሬ ግን እኔው ራሴ ዘር ጠያቂ ሆኜ መጥቻለሁ። አትደንግጡ… የምጠይቀው የሰው ዘር አይደለም፤ የዕጣ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት በአንዲት እሁድ ከሰዓት በኋላ ሃያ ሰው የተማመነበትን እቁብ፣ አርባ ሺህ ብርና የእናቴን ስም ይዤ ገደል ልገባ ለጥቂት ተርፌያለሁ። ጥፋቴ አንድ መስመር ናት። ያውም የጻፍኳት ሳትሆን ያልጻፍኳት መስመር።

እቁባችን ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል። ወርቅ ሠሪ አለበት፣ ልብስ ሰፊ አለበት፣ ሻይ ቤት የነበራት አለችበት፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ አሉበት። ሃያ ሰው በወር ሁለት ሁለት ሺህ ብር ይጥላል፤ ዕጣ የወጣለት አርባ ሺውን ይወስዳል። ዳኛው ወርቅ ሠሪው ጋሼ ናቸው። ጸሐፊዋ እናቴ ናት። ዕጣው የሚወጣውም እንደማንኛውም የሰፈር እቁብ ነበር፤ ስም የተጻፈባቸው ብጥስጣሽ ወረቀቶች ተጠቅልለው ጋሼ ባርኔጣ ውስጥ ይገባሉ፣ ባርኔጣው ይናጣል፣ እዚያ የተገኘ ሕፃን እጁን ሰዶ አንዷን ያወጣል። ለብዙ ዓመት ያ ሕፃን እኔ ነበርኩ። ዕጣ የወጣለት ሰው ከረሜላ ይገዛልኝ ነበር። (አሁን ሳስበው ያ ነገር ሙስና ይሆን እንዴ?)

ከዚያ 2016 ዓ.ም. መጣ። በየካቲት የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመረቀ፤ ብዙም ሳይቆይ በኮሪደር ልማቱ ፒያሳ መፍረስ ጀመረች፣ ዶሮ ማነቂያም ሄደች። ስለዚያ ብዙ ተጽፏል፤ እኔ አልጨምርበትም። ለዛሬው ጉዳዬ የሚያስፈልገኝ ይህ ብቻ ነው፦ ሃያው ሰው ተበተነ። ግማሹ ገላን ጉራ፣ ግማሹ አራብሳ፣ የቀረው የትም የት። እኛ ገላን ጉራ ደረሰን። ጉርብትናው ቀረ፣ የቡናው ጠሪና ተጠሪ ተለያየ፤ እቁቡ ግን ቀጠለ። ብሩ በስልክ ይላካል፣ ወሬው በቴሌግራም ይወራል። ሰፈራችን ማለት አሁን እቁቡ ነው ብል አላጋነንኩም።

አንድ ነገር ብቻ በስልክ አልላክ አለ። ዕጣው። በየወሩ ሃያ ሰው ሦስት ታክሲ እየቀያየረ ፒያሳ ይሰብሰብ? ወይስ አንድ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ያውጣና «ለእገሌ ወጣ» ይበለን? ለሁለት ወር እየተጨቃጨቅን ቆየን። ያኔ ነው እኔ ብድግ ብዬ «ፕሮግራም እጽፍላችኋለሁ!» ያልኩት።

ጋዜጠኛ ነሽ አይደል እንዴ ትሉኝ ይሆናል። ነኝ። ግን ዩኒቨርሲቲ ስገባ የደረሰኝ ኮምፒውተር ሳይንስ ነበር። አንድ ዓመት ተምሬ፣ ነጥቤም ትዕግሥቴም አልቆ ወደ ጋዜጠኝነት ዞርኩ። ከዚያ ዓመት የተረፈኝ ሊኑክስ የተጫነበት አሮጌ ላፕቶፕና ሲ የሚባለው ቋንቋ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ዴኒስ ሪቺ ቤል ላብስ ውስጥ የሠራው፣ ዛሬም ስልካችንና ኮምፒውተራችን ከሥሩ የሚቆምበት ቋንቋ። በዚህ ቋንቋ «ቁጥር በዕጣ አውጣልኝ» ለማለት «ራንድ» የሚባል ትእዛዝ አለ። የሚሰጣችሁን ቁጥር ለሃያ ታካፍሉና ቀሪውን ትወስዳላችሁ። ከዜሮ እስከ አሥራ ዘጠኝ ካሉት አንዱ ይሆናል፤ አንድ ትደምሩበታላችሁ፤ አለቀ። የእቁቡ ተራ ቁጥር ያ ነው። አሥራ አምስት መስመር አይሞላም። ጻፍኩትና ራሴን እያደነቅኩ ተኛሁ።

ቅዳሜ ማታ ሞከርኩት። ስክሪኑን በስልኬ ቀርጬ «እንዲህ ነው የሚሠራው፤ ይህ ሙከራ ነው፤ ዋናው ነገ 9 ሰዓት ላይ» ብዬ ግሩፓችን ላይ ለጠፍኩት። በሙከራው የወጣው ተራ ቁጥር 4 ነበር። ተራ ቁጥር 4 እናቴ ናት። ሁሉም ተሳሳቀ። «ጸሐፊዋ ቀናት!» «ምነው ለነገ ባስቀመጥሽው!» ተባለ።

እሁድ 9 ሰዓት ላይ ሁሉም እያየ፣ በቀጥታ፣ ፕሮግራሙን አስነሳሁት።

4።

ቴሌግራም ላይ ዝምታ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ? «እየጻፈ ነው» ይላል፣ ይጠፋል። «እየጻፈች ነው» ይላል፣ ይጠፋል። በመጨረሻ ልብስ ሰፊዋ እትዬ በድምፅ ላከች። ድምጿ ቁጣ የለበትም፤ ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። «አንቺ ልጅ… ትናንት ያወጣሽውን ነው እንዴ ዛሬ መልሰሽ ያሳየሽን?» ከዚያ ሌላው ቀጠለ፤ «የኮምፒውተር ዕጣ እኮ እናውቀዋለን። ሐምሌ 2014ን ረሳችሁት?»

ማንም አልረሳውም። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከ25 ሺህ በላይ የኮንዶሚኒየም ቤቶችን ዕጣ በኮምፒውተር አወጣች። ከእቁባችን አንድ ሰው ስማቸው ተጠርቶ እልል ተብሎላቸው ነበር። በቀናት ውስጥ የከተማው አስተዳደር ራሱ ዕጣው ተጭበርብሯል ብሎ ሰረዘው፤ የተጠረጠሩ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች ታሰሩ። ዕጣው እንደገና የወጣው በኅዳር 2015 ዓ.ም. ነው። እኝያ ሰውዬ በሁለተኛው አልወጣላቸውም። እንግዲህ እንዲህ ያለፉ ሰዎች ፊት ነው እኔ ላፕቶፔን ከፍቼ የገዛ እናቴን ስም ሁለት ጊዜ ያወጣሁት!

እናቴ አልጮኸችብኝም። መነጽሯን አወለቀች፣ የእቁቡን ደብተር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ «እኔ አርባ ሺህ ብር ሳልበላ ኖሬአለሁ» አለችኝ። «ይህን ደብተር የያዝኩት ግን ሃያ ዓመት ነው።» በዚያ ብር ከቤታችን በታች ባልትና ልትከፍት አስባ ነበር። ስልኳን አንሥታ በአንድ ጣቷ ቀስ እያለች ጻፈች፦ «ዕጣው ይሰረዝ። ነገሩ እስኪጣራ የእኔ ስም አይግባ።» ከዚያ ሽሮ ልታማስል ገባች። ያን ዕለት ሽሮው አልጣፈጠም።

በማግስቱ የአንደኛ ዓመት ጓደኛዬን ደውዬ ፒያሳ አገኘሁት። እሱ ኮምፒውተሩን ያልተወ፣ አሁን በዚያው እንጀራ የሚበላ ነው። ከጊዮርጊስ ዝቅ ብላ ያለች ቡና ቤት ተቀምጠን ኮዱን አሳየሁት። አምስት ሴኮንድ አልፈጀበትም።

«ዘሩ የታል?»

«የምን ዘር?»

«የዕጣው ዘር ነዋ!»

ከዚያ ስኳር መያዣውን ገፋ አድርጎ አስረዳኝ። ኮምፒውተር ዕጣ ማውጣት አይችልም። ኮምፒውተር የታዘዘውን ነው የሚያሰላው፤ ስሌት ደግሞ ዕድል የለውም። ስለዚህ ያስመስላል። የሲ ቋንቋ ሕግ የተጻፈበት ሰነድ ራሱ ለምሳሌ ያህል ያስቀመጠው ስሌት አለ፦ ያለፈውን ቁጥር በ1,103,515,245 አባዛ፣ 12,345 ደምርበት፣ ከውጤቱ ላይ ቆርጠህ ስጥ። ለሚቀጥለውም እንዲሁ አድርግ። የሚወጣው ቁጥር ለዓይን የተዘበራረቀ ይመስላል። ነገር ግን እያንዳንዱ ከፊተኛው ይወለዳል።

«ዳዊት በቃሉ የያዘ የቆሎ ተማሪ አስቢ» አለኝ። «ከ50ኛው መዝሙር ጀምር ብትይው ከዚያ ያወርደዋል። ከ100ኛው ብትይው ከዚያ። ምንም ካላልሽው ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ዘር ማለት ‹ከዚህ ጀምር› ማለት ነው። አንቺ ምንም አላልሽውም።»

ይህ በሕጉ ላይ የተጻፈ ነው። በሲ ቋንቋ ለ«ራንድ» ዘር የሚሰጠው «ኤስራንድ» በሚባል ትእዛዝ ነው። እሱን ካልጻፋችሁ ዘሩን 1 እንዳላችሁት ይቆጠራል። ፕሮግራሙ በተነሣ ቁጥር ያንኑ ሰልፍ ከመጀመሪያው ያወርደዋል፤ ቅዳሜም፣ እሁድም፣ ለዘላለሙም። እንደ እኔ ባለ ሊኑክስ ላይ የሰልፉ የመጀመሪያ ቁጥር 1,804,289,383 ነው። በዓለም ዙሪያ ዘር የረሳ ጀማሪ ሁሉ ያያት ቁጥር ናት። ለሃያ አካፍሏት፤ 3 ይተርፋል። አንድ ጨምሩበት።

4። እናቴ።

ፒያሳ ላይ ወርቅ የተነጠቅኩ ያህል የተሰማኝ ነገር በአንድ ማካፈል ተፈታ። ተነሥቼ ልሄድ ስል ጓደኛዬ እጄን ያዘኝ። «ቆይ፣ ምን ልታደርጊ ነው?» ሰዓቱን ዘር አድርጌ እሰጠዋለሁ አልኩት። አንደኛ ዓመት ላይ የተማርነው ያ ነው፤ ኮምፒውተሩ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚቆጥረውን ሴኮንድ ለ«ኤስራንድ» መስጠት። በየሴኮንዱ ዘሩ ይለወጣል፣ ዕጣውም ይለወጣል።

«እሺ» አለኝ። «አሁን እኔ ሌባ ነኝ እንበል። ስምሽ እንዲወጣ እፈልጋለሁ። ምን አደርጋለሁ?» ዝም አልኩ። «ከእሁድ 9 ሰዓት ጀምሮ ያሉትን ስድስት መቶ ሴኮንዶች ዛሬ ማታ አንድ በአንድ እሞክራቸዋለሁ። ለየትኛዋ ሴኮንድ የማን ስም እንደሚወጣ ሠንጠረዥ እሠራለሁ። ከዚያ እሁድ ዕለት ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ‹ኔትወርኩ ትንሽ…› ብዬ፣ በሰዓቷ እጫነዋለሁ። ሃያ ሰው ከሆናችሁ ስምሽ የሚወጣባት ሴኮንድ በአማካይ በየሃያ ሴኮንዱ ትመጣለች። ሃያ ሴኮንድ ምን አላት?»

ምንም የላትም! እናቴ ዳቦ ቆርሳ እስክትሰጠኝ ከዚያ ይበልጣል።

ይህ የጓደኛዬ ተረት አይደለም። በ1999 (እ.ኤ.አ.) አንድ የኢንተርኔት ካርታ ጨዋታ ድርጅት «አናጭበረብርም» ለማለት ካርታውን የሚበውዝበትን ኮድ ለሕዝብ ገለጠ። የአምሳ ሁለት ካርታ አደራደር ብዛት 8 ብላችሁ 67 ዜሮ የምትደረድሩበት ቁጥር ነው። የእነሱ ዘር ግን ከእኩለ ሌሊት ወዲህ ያለፈው የሴኮንድ ሺኛ ነበር፤ በቀን 86 ሚሊዮን ከ400 ሺህ ብቻ። ኮዱን ያነበቡ ባለሙያዎች ሰዓታቸውን ከድርጅቱ ሰዓት ጋር አስተካክለው ያን ወደ ሁለት መቶ ሺህ ገደማ አወረዱት። አምስት ካርታ እንዳዩ በጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ሁሉ የያዘውን ያውቁ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ኤዲ ቲፕተን የሚባል ሰው ነበር። በርካታ ግዛቶች በጋራ ያቋቋሙት የሎተሪ ማኅበር ውስጥ የመረጃ ደህንነት ኃላፊ ነው። ዕጣ ማውጫው ኮምፒውተር ውስጥ የራሱን ኮድ ሸጎጠ፤ በዓመት በሦስት የተለዩ ቀኖች ላይ የሚወጣውን ቁጥር አስቀድሞ ለመገመት የሚያስችል። በ2010 (እ.ኤ.አ.) የወጣ የሚሊዮኖች ዶላር ዕጣ አጋለጠው፤ በ2017 እስከ 25 ዓመት የሚያስቀጣ ፍርድ ተፈረደበት። ዘበኛው ራሱ ሲሰርቅ ማለት ይህ ነው።

«ታዲያ ከራሱ ከኮምፒውተሩ ጥሩ ዘር አይገኝም?» አልኩ። ይገኛል። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ኪቦርድ የተነካበትን ቅጽበት፣ የዲስኩን እንቅስቃሴ፣ ሌላም ሌላም እየለቃቀመ ማንም የማይገምተው ቁጥር ያዘጋጃል። ሊኑክስ ላይ «ጌትራንደም» ብላችሁ ትጠሩታላችሁ። የይለፍ ቃል ለመሥራት፣ ባንክ በስልካችሁ ለሚልከው የምስጢር ቁጥር፣ ከዚህ ሌላ መጠቀም ኃጢአት ነው። በተቃራኒው የኮምፒውተር ጨዋታ ወይም የሳይንስ ሙከራ የምትሠሩ ከሆነ ዘሩን ራሳችሁ መርጣችሁ ትጽፉታላችሁ፤ ነገ ያንኑ ውጤት መድገም ያስፈልጋችኋልና።

እቁብ ግን የቱ ነው?

ይህን ጥያቄ ገላን ጉራ ድረስ ይዤው ሄድኩ። በኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ቁጥር ባወጣው ማንም ሊገምተው አይችልም። ግን ማንም ሊያረጋግጠውም አይችልም። ልብስ ሰፊዋ እትዬ የሚታያት እኔና ላፕቶፔ ብቻ ነን። አሥር ጊዜ አውጥቼ የወደድኩትን አንዱን ባሳያትስ በምን ታውቃለች? የባርኔጣው ሚስጥር አሁን ገባኝ። ባርኔጣው የተከበረው ጥሩ ስለሚያደባልቅ አይደለም። እንዲያውም ወረቀትም ያጭበረብራል። በ1969 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካኖች ለቬትናም ጦርነት ወጣቶችን በልደት ቀናቸው ዕጣ ሲያወጡ፣ የ366 ቀናት እንክብሎች በየወራቸው ተራ ገብተው በደንብ ስላልተበወዙ የዓመቱ መጨረሻ ልጆች በብዛት ፊት ፊት ወጡ። ማንም አልሰረቀም፤ ሳጥኑ አልተናጠም እንጂ። የባርኔጣው ክብር ሁሉም ስለሚያየው ነው። የእኔ ፕሮግራም የጎደለው እሱን ነው።

አሁን ወደ 2014ቱ ልመለስ፤ ሰው ሁሉ «ሶፍትዌሩ» ስለሚል። በጊዜው አስተዳደሩ የተናገረውን መልሳችሁ ብታዩት ትልቁ ጉድ ከዕጣው በፊት ነው። ቆጥበው ለዕጣው ብቁ ናቸው የተባሉት ከ79 ሺህ በላይ ሲሆኑ፣ ማሽኑ ውስጥ የተገኘው ስም ግን ከ172 ሺህ በላይ ነበር። ልብ በሉ፤ የዓለም ምርጡን ቁጥር ማውጫ ብታስገቡበት፣ ዘሩን ከሰማይ ብታወርዱለት፣ ባርኔጣው ውስጥ የማይገባው ወረቀት ከገባ ዕጣው ንጹሕ አይሆንም። ዝርዝር መጀመሪያ ነው፤ ዘር ሁለተኛ ነው።

መሣሪያው ራሱስ? ለመማሪያ ያህል እንይ እንጂ አስተዳደሩ ምን እንደተጠቀመ ማለቴ አይደለም። የሲ ሕግ «ራንድ» ቢያንስ እስከ 32,767 እንዲቆጥር ብቻ ነው የሚያስገድደው፤ በማይክሮሶፍቱ ላይ የሚቆጥረውም እስከዚያው ድረስ ነው። 79 ሺህ ሰው አሰልፎ በአንድ «ራንድ» ዕጣ የሚያወጣ ጀማሪ ቢኖር፣ ከግማሽ በላይ የሆነው ሕዝብ ዕድሜ ልኩን ቢቆጥብ አይወጣለትም። የእቁብ ሰው ደግሞ ይህን ይስማ፦ የ12 ሰው እቁብ ሙሉ ተራውን በአንድ ጊዜ ልታወጡ ብትሉ 479 ሚሊዮን ዓይነት አሰላለፍ አለ። የ«ኤስራንድ» ዘር እንደተለመደው 32 ቢት ከሆነ 4.29 ቢሊዮን ያህል መነሻ አለው፤ ይበቃል። አሥራ ሦስተኛ ሰው ጨምሩ፤ አሰላለፉ 6.2 ቢሊዮን ይሆናል። ዘሩ አይደርስም! በጭራሽ ሊወጡ የማይችሉ ተራዎች ይኖራሉ። እንደ እኛ ሃያ ከሆናችሁማ ከ560 ሚሊዮን አሰላለፍ አንዱ ብቻ ነው ሊወጣ የሚችለው። እንግዲህ ሰነዱ ራሱ ስለ «ራንድ» ጥራት ዋስትና አልሰጥም ይላል፤ ዋስ የሌለው ሰው እቁብ ይሰጠዋል እንዴ?

በቀጣዩ ወር ጋሼ ሁሉንም ፒያሳ ጠሩ። «አንድ ጊዜ ፊት ለፊት እንተያይ» አሉ። ሃያውም መጣ። ተቃቅፈው እስኪጨርሱ ግማሽ ሰዓት ፈጀ፤ ስንቶቹ ከተበተንን ወዲህ ተያይተው አያውቁም። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ተነሥቼ ሁሉንም ነገርኳቸው። ያልጻፍኳትን መስመር፣ 1,804,289,383ን፣ ለሃያ ሲካፈል የሚተርፈውን። ጡረተኛው አስተማሪ ብዕር አውጥተው ናፕኪን ላይ አካፈሏት። «ሦስት ይተርፋል» አሉ ጮክ ብለው። ልብስ ሰፊዋ እትዬ እናቴን አየቻት። እናቴ ሲኒዋን አየች።

ያቀረብኩት ሐሳብ ይህ ነበር፦ ሁሉም ሰው የፈለገውን ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር ጽፎ ይጠቅልል። ሁሉም ካስቀመጠ በኋላ አብረን እንገልጣለን። ቁጥሮቹ በተራ ተቀጣጥለው ዘር ይሆናሉ። አሥራ ዘጠኙ ቢዶልቱ እንኳ የሃያኛውን ቁጥር አያውቁምና ዕጣውን መምራት አይችሉም። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ወረቀት ተቆረጠ። ተጠቀለለ። ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው ወረቀቶቹን ሰበሰቡና ባርኔጣውን አይተው፣ እኔን አይተው፣

«አንቺ ልጅ… ወረቀቱን ከጠቀለልነው፣ ባርኔጣ ውስጥም ከጨመርነው፣ ስማችንን ጽፈን አንዱን ብናወጣ አይቀልም ነበር?» አሉ።

ከሳቁ የተነሣ ቡና ቤቱ ሁሉ ዞሮ አየን። እውነታቸውን ነው! ሃያ ሰው አንድ ቦታ ከተሰበሰበ ኮምፒውተር አያስፈልገውም። ኮምፒውተር የሚያስፈልገን ለማንሰበሰብባቸው ወሮች ነው። ያን ዕለት በባርኔጣው አወጣን። ከጎናችን ተቀምጣ ኬክ የምትበላ ሕፃን ተለምና አንዷን አነሣች። እናቴ ስሟን አላስገባችም።

ለቀሩት ወሮች መላውን ያመጡት አስተማሪው ናቸው። «ዘሩን የማናችንም እጅ ያልነካው ቁጥር እናድርገው፤ ብሔራዊ ሎተሪ በአደባባይ የሚያወጣው ቁጥር አለ አይደል?» አሉ። ቤቴ ገብቼ ሳነብ ደነገጥኩ። የኢንተርኔትን ሕግ የሚያወጡ መሐንዲሶች መራጭ ኮሚቴያቸውን በዕጣ ሲሰይሙ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ በ2004 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ሰነድ ላይ ተጽፏል። ወደፊት የሚወጡ የሎተሪ ቁጥሮችን አስቀድመው ይመርጣሉ፣ ዝርዝሩን ይዘጋሉ፣ ከዚያ ማንም ቤቱ ሆኖ እንዲያሰላው ይለቁታል። የፒያሳ ጡረተኛ ሳያነበው ደረሰበት።

በሙከራችን ላይ አንድ የመጨረሻ እንቅፋት ገጠመን። የልብስ ሰፊዋ ልጅ የእኔን ኮድ በዊንዶውስ፣ እኔ በሊኑክስ፣ በአንድ ዘር አስነሣነው። ሁለት የተለያየ ሰው ወጣ። ላቤ መጣ። የሲ ሕግ «ራንድ» በምን ስሌት ይሥራ የሚለውን ለየሠሪው ትቶታል፤ ስለዚህ አንድ ዘር በሁለት ኮምፒውተር ሁለት ዓይነት ያበቅላል። «ራንድ»ን አሰናበትነው። አሁን የሎተሪውን ቁጥርና የወሩን ስም አንድ ላይ ጽፈን ሻ-256 በሚባል ወፍጮ እንፈጨዋለን። የትም ኮምፒውተር ላይ ዱቄቱ አንድ ነው፤ አንዲት አሃዝ ከተለወጠች ግን ዱቄቱ ሁሉ ይለወጣል። የወጣውን ረጅም ቁጥር ለቀረነው ሰው ብዛት እናካፍላለን፣ ቀሪውን እንወስዳለን።

በየወሩ የሚሆነው እንዲህ ነው። እናቴ የቀሩትን ሰዎች ዝርዝር በተራ ቁጥር ጽፋ፣ ፎቶ አንሥታ፣ ግሩፑ ላይ ትለጥፋለች። ከዚያ በኋላ ማንም አይገባም፣ ማንም አይወጣም፣ ተራም አይለዋወጥም። የትኛውን የሎተሪ ዕጣ እንደምንጠብቅ ያኔውኑ ይጻፋል። ቁጥሩ ሲወጣ አንደኛው ከሎተሪ አዟሪ ይጠይቃል፣ ሌላው ከጋዜጣ ያያል። እኔ አሰላለሁ፣ የልብስ ሰፊዋ ልጅ ያሰላል። ሁለታችን አንድ ስም ካላልን ዕጣው አይጸናም። እስከ ዛሬ አንድ ስም እያልን ነው።

የእናቴን ስም በሁለተኛው ወር ያስመለሰችው ማን እንደሆነች ገምቱ። «ጸሐፊ የሌለበት እቁብ አልጥልም» አለች እትዬ፤ በዚያው ድምጿ።

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ የቤትም ይሁን የመኪና፣ የሥራም ይሁን የኮንዶሚኒየም፣ «በኮምፒውተር ዕጣ ይወጣል» ስትባሉ አትደንብሩ፣ ዝም ብላችሁም እልል አትበሉ። ሦስት ነገር ጠይቁ። ዝርዝሩ የተዘጋው መቼ ነው፣ እኔስ አይቼዋለሁ? ዘሩ ምንድን ነው፣ የመረጠውስ ማን ነው? ቤቴ ገብቼ ደግሜ ባወጣው ያው ይወጣልኛል? መልስ ከሌለ ያ ዕጣ ሳይሆን ስጦታ ነው፤ ስጦታ ደግሞ ሰጪው ለወደደው ነው።

ከዚያች እሁድ ወዲህ ይህ ሰባተኛ ወራችን ነው። ጋሼ ወጣላቸው፣ እትዬ ወጣላት፣ የኮንዶሚኒየም ዕጣቸው ተሰርዞባቸው የነበሩት ሰውዬም ወጣላቸው። እናቴ እስካሁን አልወጣላትም። ባልትናው አልተከፈተም። ባለፈው እሁድ ውጤቱን ሳሰላ አጠገቤ ቆማ ትጠብቅ ነበር። ስሙ የሌላ ሰው ሲሆን መነጽሯን ገፋ አደረገችና፣

«ልጁም ያው ወጣለት?» አለችኝ።

«አዎ፣ ያው ነው።»

«እንኳን!» ብላ ደብተሯን ገለጠች፤ ስሙን ልትጽፍ።